የማንም ያልሆነች ሐሙስ

«ሐሙስ? ሐሙስማ የማንም አይደሉም! ሐሙስ ይጾማሉ፤ የእግዜር ናቸው።»

ይህን ያለችው ኩሱም ናት። ፎቁ ሰገነት ላይ ቆማ፣ ከጠባቧ መንገድ ማዶ ልብስ ከምታሰጣው ከቲዋሪ ሚስት ጋር ታወራ ነበር። የቲዋሪ ሚስት «አማትሽ ዛሬ የማን ተረኛ ናቸው?» ብላ ጠይቃት ነው፤ ከመልሱ በኋላ ሁለቱም ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ስለ ውሃ መጥፋት ሲያወራ የሚስቀው ዓይነት ተራ ሳቅ ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሳቅ ቢያንስ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ያውቃል። ትንሿ ምራት ቪብሃ ባዶ ባልዲ ይዛ ደረጃው ሥር ቆማ ሁሉንም ሰማች። ወሬው የሚወራባቸው አሮጊት ራምዱላሪ ደግሞ እዚያው አጠገቧ፣ በፊት ለፊቱ ክፍል ጠፍር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ የሳሪያቸውን ጫፍ ራሳቸው ላይ እየሳቡ ከግድግዳው ጋር ተፋጠዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የቤቱን ደንብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ያደንቀዋል። ሳኬትና ሚስቱ ቪብሃ ከጃንሲ ተነሥተው ካንፑር ወደ አባት ቤት የተመለሱት በሆሊ በዓል ማግስት ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምድጃ የተጎለተውም ያኔ ነው። ታላቅየው ብሪጄሽ ከሚስቱ ከኩሱምና ከልጆቹ ጋር ላዩን ያዘ፣ ታናሽየው ሳኬት ታቹን። የውሃ ሞተሩን መብራት በየወሩ እየተፈራረቁ ሊከፍሉ ተስማሙ። የቅመም መፍጫው ድንጋይ ላይ ቤት ቀረ፤ ሁለቱ ምራቶችም በዚያው ድንጋይ የተነሣ ቃል መለዋወጥ አቆሙ፤ አንዷ ለሌላዋ መናገር ያለባትን ነገር ለአሮጊቷ ነው የምትናገረው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። እናትየውም በስተመጨረሻ ተካፈሉ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከላይ ቤት ይበላሉ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከታች። ሐሙስ ይጾማሉ። ሰባት ለሁለት አይካፈልም የሚል ሰው የእኛን ሰፈር አያውቅም ማለት ነው። በየቤቱ የሚጣሉ ወንድማማቾች በተገኙ ቁጥር «የራምዱላሪን ልጆች እዩ» ይባላል።

ቪብሃ በልጅነቷ «ድስት ከፋች» ነበር የምትባለው። የተከደነ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም፤ ባዶም ቢሆን ባዶነቱን ማየት አለባት። ያደገችው ባንዳ ከተማ ነው፤ እናቷ ሐሙስን ዕድሜዋን ሙሉ የጾመች ሴት ስለነበረች የሐሙስን ሕግ ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ሐሙስ ጸጉር አይታጠብም፣ ልብስ ሳሙና አይነካም፣ ጢም አይላጭም። ቢጫ ይለበሳል፤ ሙዝ ተክል ሥር ውሃና እርድ ይፈስሳል፤ የሐሙሱ ጌታ የብሪሃስፓቲ ታሪክ ይነገራል፤ ከዚያ ሲመሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጨው ያልነካው ቢጫ ምግብ ይበላል። ቪብሃን እንቅልፍ የነሣት ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ያንን የማታ ምግብ ለአማቷ የሚሠራው ማነው? ላይ ቤት አይሠራም፤ ሐሙስ የላይ ቤት አይደለችም። ታች ቤትም አይሠራም፤ የታች ቤት እሳት የቪብሃ እሳት ስለሆነ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በዚያ ላይ ባለፈው ሐሙስ ጠፍር አልጋው ሥር ስትጠርግ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሙዝ ልጣጭ አግኝታለች። ሐሙስን የሚጾም ሰው ሙዝ ያቀርባል እንጂ አይበላም፤ የሚያመልክበትን ተክል ፍሬ እንዴት ይጎርሳል? ይህን ባንዳ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ወደ ግቢው ስትወጣ ሳኬት ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ፊት አረፋ ተቀብቶ ይላጫል። ቪብሃ ባልዲዋን አስቀምጣ ፈዛ አየችው። አባቷ አንድ ሐሙስ ረስቶ መላጨት ሲጀምር እናቷ ምላጩን ከእጁ ነጥቃው፣ ሰውዬው ግማሽ ጉንጩ ጢም፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቢሮ ሄዶ ዋለ። እዚህ ግን የሐሙስ ጿሚ እናት በር ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን እያዩት ዝም ብለዋል።

«ስማ እንጂ፣ እማማ ማታ ምን ይበላሉ?» አለችው።

«ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?»

«ሐሙስም ይመሻል'ኮ።»

ሳኬት አገጩን ቀና አድርጎ ምላጩን ሳበ። «እንግዲህ ጀመረሽ። ሐሙስን እኛ ከያዝን አራት ለሦስት ሆነ ማለት ነው። ወንድሜ ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይለምደዋል። ዛሬ ጽድቅ ያልሽው ነገ ግዴታ ይሆንብሻል።»

«አንድ ሳህን ሩዝ ነው።»

«ሩዙ መቼ ቸገረኝ።»

ሩዙ እንዳልሆነ ቪብሃም ታውቃለች። ሳኬት ክፉ ልጅ አይደለም። የእናቱን የዓይን ጠብታ ሳያልቅ ይገዛል፤ ዓርብ ዓርብ ተራው ሲገባ ከቢሮ ሲመለስ ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። ብሪጄሽም ያው ነው። እያንዳንዳቸው በተራቸው ቀን ጥሩ ልጆች ናቸው። የሐሙሷን ነገር ግን ሁለቱም አይጠይቁም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ሳኬት ፊቱን ተጣጥቦ፣ ምሳውን በሣጥኑ ይዞ ወጣ። ቪብሃ ሻይ ጠጣች፤ ቂጣውን ግን ቆርሳ ይዛው ቆይታ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

የፊት ለፊቱ ክፍል እንደ ሐሙስ ነው፤ የማንም አይደለም። አባትየው በሕይወት ሳሉ እንግዳ የሚቀበሉበት ነበር፤ አሁንም የላይም የታችም እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ ለማንም አልተሰጠም። ስለዚህ አሮጊቷ ተሰጣቸው። ክርሯ የተበጠሰ አንዲት የሸምበቆ ወንበር አለች፤ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበትን ጎን ያውቃል። ብረት ሣጥን አለ፤ እላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ። የሟቹ ፎቶ የአበባ ጉንጉን እንዳንጠለጠለ ግድግዳው ላይ አለ፤ ከተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ሰዓትም ከጎኑ ቆሞ ቀርቷል። የጣሪያው ማራገቢያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እያቃሰተ ነው የሚዞረው። በማዕዘኑ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንደኛው የማክሰኞው ጌታ ሃኑማን ነው፤ ዓመታት ሙሉ በጣት የተቀባው ብርቱካናማ ቀለም ተጋግሮበት ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ሁለተኛው ብሪሃስፓቲ ነው፤ ከጣፋጭ ቤት ቀን መቁጠሪያ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ፣ ንጹሕ፣ የሱቁ ስልክ ቁጥር እንኳ ያልተሸፈነ። ቪብሃ ይህን መደርደሪያ በየቀኑ ታየዋለች። ዛሬ ግን እንደ አዲስ አየችው።

«እማማ፣ ታሪኩን መቼ ነው የሚያደርሱት?»

«ጠዋት አደረስኩ» አሉ ራምዱላሪ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ቤተ መቅደሱ ጓሮ፣ ለሙዙ ነገርኩት።»

«ሙዙ ሁም ይላል እንዴ?»

«ነፋስ ሲመጣ ይላል።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የአሮጊቷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። በእኛ ዘንድ ታሪክ ያለ ሰሚ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ተራኪው ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ሰሚው «ሁም» ካላለ ቀጣዩ ቃል አይወጣም። የሐሙሱ ታሪክ ደግሞ ይብሳል፤ ሰሚው ሽምብራና ጉር፣ ጥሬ የሸንኮራ ስኳር፣ በመዳፉ ጨብጦ፣ ሌላ ወሬ ሳይናገር ከዳር እስከ ዳር ካልሰማው ጾሙ አልደረሰም ይባላል። ቪብሃ በልጅነቷ የእናቷ ሰሚ ነበረች፤ ጉሩ በመዳፏ ሙቀት ይቀልጥባት ነበር።

«ከሰዓት አብረን እንሂድና እንደ ደንቡ ይንገሩኝ» አለች። «ሰሚ እሆንዎታለሁ።»

«ኧረ ተይ ሙሽሪት፣ ዝናቡ...»

«ዝናቡ ያባራል።»

ምሳ ሰዓት ላይ ዣንጥላ ይዛ ወጣች። መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ነው፤ ሪክሾዎች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ። ባለ ሱቁ በሚዛኑ ላይ የሽምብራ ክክ ሲሰፍር «ዘጠና ስምንት ገብቷል» አላት።

«ባለፈው ዘጠና አልነበር እንዴ?»

«ሐሙስ ነዋ፣ እህቴ! ሐሙስ ሲሆን ሽምብራ ይኮራል። ሰኞ ብትመጪ ወተቱ ነው የሚኮራው። እኔ ምን ላድርግ፣ አማልክቱን አነጋግሪ።» ጉሩን በቢላ ቆርሶ ጨመረላት። «ምነው፣ አንቺ ነሽ የምትጾሚው?»

«አማቴ ናቸው። የብሪጄሽ እናት።»

ባለ ሱቁ ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ። «ለእሳቸው ሐሙስ ሸጬ አላውቅም» አለ። ከዚያ የራሱ ያልሆነ ነገር የተናገረ መሰለውና የሚቀጥለውን ሰው «ምን ልስጥህ?» ብሎ ጠየቀ።

ስትመለስ ኩሱም የልጆቿን ጫማ ደረጃው ላይ ትጠርጋለች። ዕቃው ላይ ዓይኗን ጣል አድርጋ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ድምጿን ከፍ አድርጋ «እማማ፣ የውሃ ሞተሩን ማታ እኔ ነኝ የማበራው ይበሉልኝ!» አለች። ቪብሃም በተራዋ «እማማ፣ እሺ ይበሉልኝ!» አለች። ራምዱላሪ የሳሪያቸውን ጫፍ እንደገና ራሳቸው ላይ ሳቡ። ሁለት ሴቶች በአንድ ደረጃ ላይ ተላልፈው አለፉ፤ የአንዷ ሳሪ የሌላዋን ክንድ ነካ።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባራ። ቤተ መቅደሱ ከመንገዱ ጫፍ ነው፤ ጓሮው ውስጥ፣ የክዳን ቆርቆሮው ውሃ የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ሦስት የሙዝ ተክሎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ግንዳቸው ላይ ቢጫ ክር ተጠምጥሟል፤ ሥራቸው በእርድ ቀልሟል። ቪብሃ ከነሐስ ጽዋ ውሃ አፈሰሰች፣ ሽምብራና ጉር በግራ መዳፏ ጨበጠች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ራምዱላሪ ከፊቷ ቁጢጥ ብለው ትምህርቱን እንዳላጠና ተማሪ ተቁነጠነጡ።

«ይበሉ እንጂ፣ እማማ።»

«አንድ ንጉሥ ነበር» አሉ አሮጊቷ።

«ሁም።»

«ለጋስ ነበር። ለድኻ ሳይሰጥ እህል አይቀምስም።»

«ሁም።»

«ሚስቱ ግን መስጠት ሰለቻት። አንድ ቀን ባሕታዊ በሯ ላይ መጥቶ ቆመ።»

«ሁም።»

«እሷም... ‹አባቴ፣ ልጅ የለኝም› አለችው።»

ቪብሃ «ሁም» ያለችው ዘግይታ ነው። በሐሙሱ ታሪክ ንግሥቲቱ ልጅ አትጠይቅም፤ ሀብት ሰልችቷት የምትድንበትን ዘዴ ነው የምትጠይቀው። አሮጊቷ ግን አሁን ድምፃቸው ተለወጠ፤ ቁጢጥ ብለው የነበሩት ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ቃሉ እንደ ውሃ መውረድ ጀመረ። «ጾመች፣ ጾመች፣ ልጅ ተሰጣት፤ ቀይ፣ ቆንጆ። ባልየው ከመንገድ ተመልሶ ‹ይህ የማን ነው?› አለ። አላመናትም። ልጁን ይዞ ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣና ጉድጓድ ውስጥ ጣለው።» ብለው ሰሚያቸውን ጠበቁ።

«ሁም» የለም።

«ምነው? ሁም በይ እንጂ!»

«እማማ» አለች ቪብሃ ቀስ ብላ፣ «ጉድጓዱ የማክሰኞ ጾም ታሪክ ነው።»

ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ራምዱላሪ አፋቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ሸፈኑ። መጀመሪያ የደነገጡ መሰለ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቪብሃ አለቀሱ ብላ ስትነሣ እየሳቁ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማክሰኞ ነበርኩ» አሉ። «ከዚያም በላይ። ብሪጄሽ ሳይወለድ ጀምሮ። የሃኑማን። ምን ላድርግ፣ አፌ መንገዱን ያውቃል፤ ብቻውን ሄደ።»

«ታዲያ ሐሙስ ከየት መጣ?»

«ከቀን መቁጠሪያው» አሉ አሮጊቷ። ሣር ነቅለው በጣታቸው ማጠፍ ጀመሩ። «እናንተ የመጣችሁ ሳምንት ነው። አንቺ ዕቃ ትፈቺ ነበር። ሁለቱ ቀን መቁጠሪያውን አልጋዬ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ሰባት ሆነባቸው። ትልቁ ‹ማክሰኞ ይጾማሉ፤ ማክሰኞን የወሰደ ቀለል ይለዋል› አለ። ትንሹ ‹እንግዲያው ማክሰኞን እኛ እንውሰድ› አለ። ‹ለምን እናንተ?› መጣ። ሻይ ሰጥቻቸው ነበር፤ የወተት ሻዩ ስልባቦት አወጣ፣ እነሱ አልጨረሱም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አይለቁም። ‹ልጆቼ፣ ሐሙስ ስለት አለብኝ፤ ከእንግዲህ የምጾመው ሐሙስ ነው፤ መካከሏን ለእግዜር ተዉት፣ ሦስት ሦስት ያዙ› አልኳቸው።» ሣሩን ቋጠሩት። «ሁለቱም ፈገግ አሉ፣ ሙሽሪት። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ባንድነት ፈገግ ሲሉ ያን ቀን ነው ያየሁት።»

«ማታ ምንም አይበሉም ማለት ነው?»

«ሽምብራ እዘፈዝፋለሁ። የቲዋሪ ሚስት አንዳንዴ ሙዝ ትሰጠኛለች፤ ሐሙስ መሆኑን ትረሳዋለች። እኔም አላስታውሳትም።» የሣሩን ቋጠሮ ወረወሩት። «ረኃቡ ምንም አይደል። ድሮም ጾም ለምጃለሁ። የሚያቃጥለኝ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ላይ ቤት ወጥቼ ጨው ያለበት ወጥ እበላለሁ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ኩሱም ሳህኑን አቅርባልኝ ጫፉን ቶሎ አለቀቀችውም። ስንት ዓመት የማክሰኞ ቂጣዬን በጉር የጋገረችልኝ እሷ አይደለች? አየችኝ፤ አየኋት። እኔም በላሁ።»

ቪብሃ ተናደደች። በባሏ ተናደደች፣ በብሪጄሽ ተናደደች፣ ጠዋት ከሰገነት በወረደው ሳቅ ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሷ፣ ስንትና ስንት ሐሙስ እሳቷን አጥፍታ በተኛችው። «ሃኑማንስ ምን ይላል?» አለች።

«ተራራ የተሸከመ ጌታ ነው» አሉ ራምዱላሪ። «የአንዲት አሮጊት ነገር ይከብደዋል? ይችለዋል።» ከዚያ ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዟት። «እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ ያንን ቀን መቁጠሪያ እንደገና አልጋዬ ላይ ይዘረጉታል። ከነአልጋው ቢሸጡኝ ይሻለኛል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቪብሃ ነገሩን ከዚህም ከዚያም ገለባበጠችው። ብትናገር ቤቱ ይታመሳል፤ እሷም የመጣች ዕለት ምድጃ ከፈለች የተባለችው ሳያንሳት፣ አሁን ደግሞ እናት አጣላች ትባላለች። ዝም ብትል በሚቀጥለው ሐሙስ ይኸው ሽምብራ ውሃ ውስጥ ያድራል። አብስላ ብትሰጥ አራት ለሦስት። መዳፏን ስትከፍት ጉሩ ቀልጦ ሽምብራው ተጣብቆባታል፤ ያኔ ነው ከጠዋቱ ሻይ በቀር እህል እንዳልቀመሰች ትዝ ያላት። ቆማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተመልሳ ከቤተ መቅደሱ ጓሮ አንድ የሙዝ ቅጠል ለምና ይዛ መጣች።

ሳኬት ሲገባ ቪብሃ የሠርጓን ማግስት ቢጫ ሳሪ ለብሳ ምድጃው ጋ ቁጢጥ ብላለች። ሩዙ በእርድና በጉር ቢጫ ሆኖ ይንተከተካል፤ የሽምብራ ዱቄቱ በቅቤ ተቆልቶ ግቢው ሁሉ ሸቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቢጫ?»

«ስለት ተሳልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ እጾማለሁ።»

«አንቺ? ለምን ጉዳይ?»

«ስለት ይወራል እንዴ?»

ሳኬት ድስቱን አየው፤ ድስቱ ለአንድ ሰው አልነበረም። «እናቴስ?»

«ሰሚዬ ናቸው። ታሪክ ያለ ሰሚ አይሆንም፤ ሰሚ ደግሞ በረከቱን ሳይቀምስ አይነሣም። እኔ አላወጣሁትም፣ ደንብ ነው።»

«አራት ሆነ ማለት ነው» አለ ሳኬት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በረከት ይቆጠራል እንዴ? የሚቆጠር ከሆነ ውጣና ለወንድምህ ቁጥሩን ንገረው!»

ሳኬት አልወጣም። ግቢው ግድግዳ ጋ ሄዶ መስታወቷን ከምስማሩ አወረዳት፣ ምላጩንም ጨምሮ መስኮቱ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ወንዶች ቤት ውስጥ ነገር ሊጀመር ሲል እንደሚያደርጉት «ሻይ ጠጥቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ራምዱላሪ ግን እምቢ አሉ። በራቸው ላይ ቆመው «ሙሽሪት፣ ምን እየሠራሽ ነው? አላልኩሽም?» አሏት።

«ምንም አልተናገርኩም። ጾሜን ላደርስ ነው። ሰሚ ካጣሁ ስለቴ ተበላሸ፤ ኃጢአቱ የርስዎ ነው።»

«አንቺ ተንኮለኛ!»

«ይጨብጡ» አለችና ሽምብራና ጉር በመዳፋቸው አስጨበጠቻቸው።

ደረጃው ሥር፣ ግቢው ላይ ተቀመጡ። የሙዙ ቅጠል በነሐሱ ጽዋ ውስጥ ቆሟል፤ ትንሿ የቅቤ መብራት ከፊቱ ትበራለች። ላይ ቤት የልጆቹ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ቪብሃ የእናቷን ታሪክ በእናቷ ድምፅ ጀመረች፤ ንጉሡን፣ መስጠት የሰለቻትን ሚስት፣ የሀብቱን መጥፋት። አሮጊቷ በየቦታው «ሁም» ይላሉ፤ ሲጀምሩ በኩርፊያ፣ እየቆየ በጉጉት፣ ታሪኩን አሁን ገና እንደሰሙት ሁሉ። ቪብሃ ያችን ቦታ ደረሰች፤ ድኻ የሆነችው ሴት እህል ፍለጋ ገረዷን ወደ ሀብታም እህቷ የምትልክበትን።

«ገረዲቱ ደርሳ ‹እህትሽ ተርባለች› አለቻት። እህትየዋ ግን አልተነሣችም፣ አልመለሰችም።»

«ሁም።»

«ገረዲቱም ተመልሳ ‹እህትሽ ንቃሻለች› አለቻት። እህትየዋ ግን አልናቀቻትም። ሐሙስ ነበርና፣ ታሪኩ ላይ ነበረች፤ ታሪኩ ላይ ያለ ሰው አይናገርም። ዝም ያለችው ለዚያ ነው።»

ሰሚ ዝም አለ። ቪብሃ ቀና ስትል ራምዱላሪ የጨበጡትን እጅ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እንባቸው ወደ አገጫቸው እየወረደ ነው። «ሁም» ሊሉ ሞከሩ፤ ድምፅ አልወጣም። ቪብሃም መቀጠል አልቻለችም፤ ያለ «ሁም» አይቀጠልም። ቴሌቪዥኑ መቼ እንደጠፋ አላወቀችም። ውሃው በጣሪያው ቧንቧ ሲወርድ ይሰማል። ምን ላድርግ ብላ መብራቷን አየች።

«ሁም» አለ ከላይ አንድ ድምፅ።

ኩሱም ደረጃው መካከል ቆማለች። የውሃ ሞተሩን ልታበራ ነው የወረደችው፤ እጇ ማብሪያው ላይ ነው፤ ማብሪያውን ግን አልተጫነችም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አያውቅም። ቪብሃ ዓይኗን ዓይኗ ላይ አሳረፈች፤ ከመፍጫው ድንጋይ ወዲህ እንዲህ ተያይተው አያውቁም። ታሪክ ላይ ሌላ ነገር አይነገርምና ማንም አልተናገረም። ኩሱም አምባሯ እየተንኳኳ ቀስ ብላ ወረደች፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ባዶ መዳፏን ዘረጋች። ራምዱላሪ ጭብጣቸውን ከፈቱ። ተጣብቆ የነበረውን ሽምብራ በጣታቸው ለሁለት ከፈሉና ግማሹን መዳፏ ላይ አደረጉላት፤ ስንት እንደሆነ አላዩም።

ቪብሃ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት ኩሱም ቀደመቻት። ደንቡን ታውቃለች፤ ግን አልቻለችም። መሬት መሬት እያየች፣ ለአሮጊቷ፣

«እማማ፣ ማክሰኞ ጨው አላደርግም» አለች።

ራምዱላሪ ታሪክ ላይ ስለነበሩ ሌላ ቃል መናገር አይችሉም ነበር።

«ሁም» አሉ።